በሩ ክፍት ሳለ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ስጸልይ እንኳ፣ ሁሉን ለሚያውቀው ጌታ፣ ጫፍ ጫፉን እየነካካሁ ነው የማልፈው። ባለፈው የቡና ወቅት ግማሹ ከአፌ አምልጦ ወጥቷል፤ ከይርጋጨፌ እስከ ዲላ ያልደረሰው ሰው የለም። ያን ግማሽ የሰሙት ምን ይላሉ መሰላችሁ? «ልጅ ነበር እኮ፣ ተሳስቶ ነው» ይላሉ። ያዝኑልኛል! መንገድ ላይ አስቁመው ትከሻዬን ቸብ ቸብ የሚያደርጉኝ አሉ። ደሜ የሚፈላው ያኔ ነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ ትከሻዬን ተዉት። መጀመሪያ የቀረውን ግማሽ ስሙ፣ ከዚያ ማዘን ከቻላችሁ እዘኑ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሞባይል የሚባል ነገር በአካባቢያችን ሳይታወቅ፣ ዲላ ተምሬ እንደወጣሁ፣ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ቡናና እንሰት መሀል በተሸሸገች አነስተኛ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አንዲት የጤና ረዳት አለች፣ እኔ አለሁ፣ በቃ። ስለዚህ ሕዝቡ «ዶክተር» አለኝ፤ እኔም አቤት አልኩ። ደስ ይለኝ ነበራ! አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ «ዶክተር» ሲለኝ፣ «አባቴ፣ ነርስ ነኝ» ብዬ ያረምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውሸት የለመድኩት እዚያ ነው። ዝም ብሎ መዋሸትም አለ፣ አፍ ሳይከፍቱ።

ዶክተር የማትለኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ማርታ ትባላለች። የቡና ማጠቢያው ሠራተኛ ናት፤ ቡናው ታጥቦ የእንጨት አልጋ ላይ ሲሰጣ ዙሪያውን ቆመው ብልሹውን ፍሬ ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ። እጇ ቡና ይለቅማል፣ አፏ ሰው ይለቅማል። ሚዛን የሚይዘውን፣ ጥበቃውን፣ ነጋዴውን፣ የማትተርበው ሰው አልነበረም። እኔን «መርፌ ወጊው» ትለኛለች። አንድ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ «መርፌ ወጊው! ሚስት ያጣኸው እኮ ሴቱ ሁሉ መርፌህን ስለሚፈራ ነው» ብላ ጮኸችብኝና አልጋውን የከበቡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ተናድጄ ነበር። ግን ማርታን ተናዶ የሚያድር ሰው የለም፤ በማግስቱ ራስህ ሄደህ የምትለውን ለመስማት ትቆማለህ።

ታዲያ ነገሯ እውነት ነበር። ሚስት ፈልጌ አጥቼ ነበር። ዲላ አንዲት ልጅ ወድጄ፣ እሷም ወዳኝ፣ አባቷ ግን ልባቸውን አልሰጡኝም። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ የተከበሩ። ሽማግሌ ብልክባቸው «ልጁ ማን እንደሆነ ገና አላየሁትም» ብለው መለሱብኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሰማው ግማሽ ውስጥ ይህቺ የለችም።

አንድ ቀን ማርታን በቃሬዛ አመጧት። ሰውነቷ ይፋጃል፣ አንገቷ ደርቆ አይታጠፍም፣ የበሩ ብርሃን ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ትጮኻለች። እናቷ በጌዴኦኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። ማጅራት ገትር ነበር። ወደ ዲላ ሆስፒታል መላክ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት መኪና አይደርስም ነበርና እዚያው ጀመርኩላት። ክሪስታሊን ፔኒሲሊን፣ በደም ሥር፣ በከፍተኛ መጠን፣ ሰዓቱን ጠብቆ። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ። ደህና አድርጌ ነው የጀመርኩት፤ ደህና መጀመሬ ነው የሚያናድደኝ።

ለምን በደም ሥር? ለምን ያን ያህል? ዲላ ያስተማረን መምህር ጠመኔውን እያወዛወዘ የነገረን ዛሬም በጆሮዬ አለ። «የአንጎል ደም ሥር እንደ ሌላው አካል ደም ሥር አይደለም። ግድግዳው ጥብቅ ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ሁሉ አያሳልፍም። ብዙው መድኃኒት ደጅ ይቀራል። ማጅራት ገትር ሲይዝ ግን ግድግዳው ይቆጣና ይላላል፣ በሩ ይከፈታል። ፔኒሲሊን የሚገባው ያኔ ነው። ልብ በሉ! በሽተኛው ሲሻለው በሩም መልሶ ይዘጋል። ትኩሳቱ ወረደ፣ በላ፣ ሳቀ ብላችሁ መጠኑን ብትቀንሱ፣ ተህዋሱን ከነነፍሱ ውስጥ ዘጋችሁበት ማለት ነው። በአፍ በሚዋጥ ክኒንም እደርስበታለሁ እንዳትሉ። ቀኑ እስኪሞላ በደም ሥር!» ይህ ነገር ፈተና ላይ ወጥቶ ነበር። መልሼዋለሁ። በትክክል መልሼዋለሁ!

ማርታ ተሻላት። ትኩሳቱ ወረደ፣ አንገቷ ላላ፣ ቆጮ አምጡልኝ አለች። ከሁሉ በፊት የዳነው አፏ ነው። «መርፌ ወጊው፣ ክንዴን ወንፊት አድርገኸዋል፤ ዱቄት ልትነፋበት ነው?» አለችኝ። እናቷ እጄን ይዘው ሳሙት። ቀኑ ግን አልሞላም ነበር። ገና ብዙ ይቀራት ነበር፤ አውቅ ነበር።

አሁን ወንጌላዊ ጅግሶ ይመጣሉ። የአካባቢው ጸሎት ቤት አገልጋይ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። በጸሎት ቤታችን እሁድ እሁድ የምስክርነት ሰዓት አለ። ከበሽታ የዳነ ሰው ይቆምና ጌታ ያደረገለትን ይናገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። አንዴ ድኛለሁ ብለው ከመሰከሩ በኋላ ተመልሶ ወደ መርፌ መሄድ ደግሞ ያሳፍራል፤ ሰው «ምነው፣ ድኛለሁ አላልሽም?» ይላል። ወንጌላዊ ጅግሶ ይህን ስላወቁ ደንብ አወጡ፤ ሐኪሙ መድኃኒቷን ጨርሳለች፣ ጨርሷል ካላለ በቀር ማንም ለምስክርነት አይቆምም። ሐኪሙ ማለት እኔ ነኝ። እንግዲህ ጸሎት ነው ያበላሸው የምትሉ ሰዎች አፋችሁን ያዙ። ጸሎት ምንም አላበላሸም።

ያ እሁድ ትልቅ እሁድ ነበር። ከዲላም ከይርጋጨፌም እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከእንግዶቹ መሀል የማን ስም ተጠራ? የዚያች የዲላዋ ልጅ አባት! «ልጁን ገና አላየሁትም» ያሉት ሰውዬ። ማርታ ሞታ የተነሳች ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆማ ስትመሰክር፣ እኔ ከጎኗ ስጠራ፣ እሳቸው ከፊት ወንበር ሆነው ሲያዩ! እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ ይመጣል? አይመጣም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንጌላዊ ጅግሶ መጡ። ማርታ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። እኔን ወደ ውስጥ ወሰዱኝና በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ነገ ማርታ ትመስክር እያለ ነው። እኔ ግን አንተን ልጠይቅ መጣሁ። መድኃኒቷን ጨርሳለች ወይ?»

«ጨርሳለች» አልኩ።

«መርፌው ቀረ?»

«ቀረ።»

ፊቴን አዩት። «ካልጨረሰች ችግር የለውም፤ ሌላ እሁድ አለ» አሉኝ። ሰማችሁ? በሩን ከፍተው ሰጡኝ። ሌላ እሁድ አለ አሉኝ!

«ጨርሳለች፣ ወንጌላዊ። አይጠራጠሩ» አልኳቸው።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ! እሳቸው እንደሄዱ ከማርታ ክንድ ላይ መርፌውን ነቀልኩ፣ ጥጥ ጫንኩበት፣ በወረቀት የጠቀለልኩትን የአሞክሳሲሊን ክኒን ሰጠኋት። «ይህቺ ለማጠናከሪያ ናት» አልኳት። «አለቀ ማለት ነው?» አለችኝ። «አለቀ» አልኳት። እኔ! የፈተናውን ጥያቄ በትክክል የመለስኩት እኔ! በሩ ገና ክፍት ነበር፤ መድኃኒቱ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ እጄም ጤነኛ ነበር። ማን ከለከለኝ? ማንም።

እሁድ ማርታ ተነሳች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ ፊቷ ከስቷል፣ አፏ ግን ያው ነው። «ሞቼ ነበር» አለች፣ «ሰማይ ቤት ደርሼ በሩ ላይ 'አንቺ ወሬ ታበዢያለሽ፣ ተመለሽ' ብለው መለሱኝ።» ጸሎት ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ጌታ ደግሞ ሰው አዘጋጅቶልኛል። መርፌ ወጊው... አይ፣ ዛሬስ ዶክተራችን ልበለው» አለች። ዶክተራችን! ከሰው ሁሉ እሷ ብቻ ናት በእውነተኛ ሥራዬ ትጠራኝ የነበረችው፤ ያን ቀን እሷም ዋሸችልኝ። ወንጌላዊ ጅግሶ ጋቢ አመጡና ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። የዲላው ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አሁን አየሁህ» አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ማርታ ወደቀች። ትኩሳቱ ተመለሰ፣ አንገቷ መልሶ ደረቀ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድሞቿ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ተሸከሟት፣ ከዚያ በመኪና ወደ ዲላ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ሐኪም መርፌው ቀኑ ሳይሞላ መቅረቱን ሰማና ተቆጣ። «መድኃኒቷን ማን አቋረጠው?» አለ። ወንድሞቿ እኔን አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ለምስክርነት ወደ ጸሎት ቤት ወሰዷት» አልኩ።

እንዲህ ነበር ያልኩት። ሐሰት አለበት? አንዲት ቃል ሐሰት የለበትም! ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ውሸት የሚብሰው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ትልቁ ወንድሟ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቱ የወንጌላዊ ጅግሶ ሆነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ የኔን ቃል የሚመልሰው አልነበረም፣ እኔም ልመልሰው አልሞከርኩም።

ማርታ አልሞተችም። ጆሮዋ ግን ሞተ። ዲላ አልጋዋ አጠገብ እናቷ ሁለት የቆርቆሮ ክዳን እያጋጩ «ልጄ፣ ይሄስ? ይሄስ?» ይሏታል፤ እሷ የእናቷን እጅ እያየች ፈገግ ትላለች። ምን እየሠሩ እንደሆነ አልገባትም ነበር። የሷን ወሬ ለመስማት መንገድ ይቀይሩ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ እሷን ላለማየት መንገድ ቀየሩ። ምን ይበሏት? ስትተርብ መልስ የማትሰማ ሴት ምን ትተርባለች?

ወንጌላዊ ጅግሶ ላይ የወረደው መዓት ሌላ ነው። «በጸሎት ስም መርፌ አስነቅሎ ልጅ ያደነቆረ» ተባሉ። ወንድሞቿ ዱላ ይዘው ደጃቸው ሄዱ። ምእመኑ ራቃቸው። በመጨረሻ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ሬኮ አካባቢ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ጤና ጣቢያ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይምቱኝ ብዬ ተመኘሁ። እሳቸው ግን ቆመው «እኔ ብናገር ክስ ይሆናል፣ አንተ ብትናገር ንስሐ ነው። እጠብቅሃለሁ፣ ልጄ» አሉኝና ወጡ።

ያችን የዲላዋን ልጅ አገባሁ። ሠርጉ ላይ አማቴ ያን የምስክርነት እሁድ እያነሱ ንግግር አደረጉ፤ ሰው አጨበጨበ። ወለድኩ፣ ተሾምኩ፣ ዲላ ቤት ሠራሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ማነው? ይምጣና የኔን ይሸከመው! ዝም አይነቅዝም ያለውስ? የኔ ዝምታ ነቅዞ ዱቄቱ ሲራገፍ ስንት ዓመት ሰማሁት። ጋቢውን ሚስቴ ለልጆቻችን መታቀፊያ አደረገችው። በየወሊዱ ከሣጥን ታወጣዋለች፣ «የአባታችሁ የክብር ጋቢ» እያለች።

ወንጌላዊ ጅግሶ ሬኮ እንዳሉ አረፉ። ቀብሩ ሄድኩ፤ ሚስቴም አብራኝ ነበረች። መቃብሩ ዳር የቆሙ ሁለት ሰዎች «ያቺን ልጅ ያደነቆራት እሱ ነው አሉ፣ ነፍሱን ይማር» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ምን አደረግሁ? አካፋ ተቀበልኩና አፈር መለስኩ። ሲጠብቁኝ የኖሩትን ሰው በገዛ እጄ አፈር አለበስኳቸው፤ ያኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ዲላ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የተጠራሁት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ስለ አዲስ ምርምር ይነግረናል። ግድግዳው ላይ የአንጎል ደም ሥር ሥዕል አብርቶ ያንኑ ጥብቅ ግድግዳ ያሳያል። መድኃኒትን በዓይን በማይታይ የስብ ቅንጣት ጠቅልለው፣ ቅንጣቷ ላይ ግድግዳው የሚያውቀውን ምልክት ይለጥፉባታል አለ፤ ግድግዳው የራሱ ምግብ መስሎት ተቀብሎ ያስገባታል፣ መድኃኒቱም የታመመው ቦታ ደርሶ ይፈታል። ገና በሙከራ ላይ ነው፣ የዓለም ሊቃውንት ዕድሜያቸውን እየጨረሱበት ነው አለ። ከኋላ አንዱ «እኛ ጋ የሚደርሰው የልጅ ልጆቻችን ጡረታ ሲወጡ ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀው።

እኔ አልሳቅኩም። እንግዲህ ስሙ! ሰዎች በዚያ ግድግዳ አንዲት ጠብታ ለማሳለፍ ዕድሜያቸውን ይገብራሉ። ለማርታ ግድግዳው ራሱ ተከፍቶላት ነበር! ቅንጣት አላስፈለገም፣ ምልክት አላስፈለገም፣ ሊቅ አላስፈለገም። ርካሹ ፔኒሲሊን ይበቃት ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ነርስ እጁን ሳይሰበስብ እንዲቆይ ብቻ ነበር። እኔ ሚስት ላገባ እጄን ሰበሰብኩ። ከአዳራሹ ወጣሁና መናኸሪያ ሄጄ የይርጋጨፌ መኪና ተሳፈርኩ።

ማርታ እዚያው ቡና ማጠቢያው ውስጥ ነበረች። አሁን የለቃሚዎቹ አለቃ ናት። ሴቶቹ «አፍህን እያየች ትሰማሃለች፣ ቀስ ብለህ ተናገር» አሉኝ። ከአልጋዎቹ ጫፍ ለብቻችን ቆምን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ማለት ይቻላል፣ ነገርኳት። ያኔም ሌላ ሰው እንዳይሰማኝ ነበር የምጠነቀቀው! መድኃኒትሽን አልጨረስሽም ነበር፣ ጨርሳለች ብዬ ለወንጌላዊው የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት።

ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ተተክሎ ቆየ። ከዚያ ጮኸች። ጮኸች ስል ተቆጥታ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ድምፅዋን አትሰማውም፣ መጠኑን አታውቀውም።

«ጨርሳለች ያልከው አንተ ነህ?»

የሴቶቹ እጅ ሁሉ ቡናው ላይ ቆመ። ለእሷ ብቻ ያንሾካሾክሁትን ግቢው በሙሉ ሰማው።

«ወንጌላዊው ያውቁ ነበር?» አለች፣ በዚያው ድምፅ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔን ይጠብቁ ነበር» አልኩ።

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ስለ ጆሮዋ ምንም አላለችም። እኔን አልሰደበችም። ለሴቶቹ ነው የተናገረችው፣ ወደ እነሱ ዞራ፣ እያለቀሰች።

«እኔ እኮ ቀብራቸው አልሄድኩም! ኑ ስትሉኝ እንቢ አልኩ! ቀብራቸው አልሄድኩም!»

ለዚህ ምን መድኃኒት አለ? የቀረ ቀብር ተመልሶ ይደረስበታል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው «ልጅ ነበር፣ ደክሞት ነበር፣ ተሳስቶ ነው» የሚሉልኝ። ሚስቴም እንዲሁ ትላለች፤ አልቅሳልኛለች። አንቺ ሚስቴ፣ ዛሬ ይህን ስታነቢ አባትሽ «አሁን አየሁህ» ያሉኝ ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጋቢውን ከሣጥን አውጥቼዋለሁ። በሚመጣው እሁድ በዚያው ጸሎት ቤት፣ በምስክርነት ሰዓት፣ በእጄ ይዤው እቆማለሁ፤ ማርታም አፌን እንድታይ ከፊት ትቀመጣለች፣ እንዲህ እናድርግ ያለችኝ እሷ ናት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው ሲጠብቁኝ አርፈዋል። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተሳስቶ ነው አትበሉኝ።

አልተሳሳትኩም። አውቅ ነበር።